በልክ የሚሆን የመሮጫ ጫማ አመራረጥ፦ እግርን ከመለካት እስከ መጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች

የመሮጫ ጫማ ለመግዛት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጫማውን ማን እንደሠራው፣ ሶሉ ምን ያህል እንደሚለሰልስና ዋጋው ስንት እንደሆነ ነው። ጫማው እግሩን በልኩ መያዝ አለመያዙን የሚመለከተው በመጨረሻ ነው፤ ያም ቢሆን ቆሞ የጫማውን ጫፍ በጣቱ ጫን ከማድረግ ብዙም አያልፍም። ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። ልክ ያልሆነ ጫማ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ጥፍር ያጠቁራል፣ ውኃ ያስቋጥራል፣ ጣት ያደነዝዛል፤ ልክ የሆነ ተራ ጫማ ግን ሯጩ እግሩን ረስቶ እንዲሮጥ ያደርገዋል።

የመሮጫ ጫማ ምርጫ ከሌላው ጫማ የሚለየው፣ በሩጫ ላይ ያለ እግር ቆሞ ከተለካው እግር ጋር አንድ ስላልሆነ ነው። በእያንዳንዱ እግር 26 አጥንቶችና ከ30 በላይ መገጣጠሚያዎች አሉ፤ ሯጩ መሬት በረገጠ ቁጥር ከሰውነቱ ክብደት ከ2 እስከ 3 እጥፍ የሚደርስ ኃይል ያርፍባቸዋል። በዚህ ጫና የውስጥ እግር ቅስት ዝቅ ይላል፣ እግሩ በጥቂቱ ይረዝማል፣ ከጣቶቹ ግርጌ ያለው ክፍልም ወደ ጎን ይሰፋል። ሩጫው በቀጠለ መጠን ደግሞ እግር እየሞቀና እያበጠ ይሄዳል። ስለዚህ የሚፈለገው ቆመው ሲሞክሩት የሚመች ጫማ ብቻ አይደለም፤ ይህ ሁሉ ለውጥ ሲመጣ ቦታ የሚሰጥ፣ በዚያው ልክ ደግሞ እግሩ ውስጡ እንዳይዋልል የሚይዝ ጫማ ነው። እነዚህ ሁለት ፍላጎቶች ይጋጫሉ፤ በልክ መምረጥ ማለትም ሁለቱን የሚያስታርቀውን ጫማ ማግኘት ነው።

1. አሮጌውን ጫማ መመርመር

ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት እስከ አሁን ሲሮጡበት የነበረውን ጫማ ያውጡና ውስጡን ይዩ። ብዙዎች ጫማውን ገልብጠው የሶሉን አበላል በመመልከት ስለ አሯሯጣቸው መደምደሚያ ለመስጠት ይቸኩላሉ። የተረከዙ የውጭ ጠርዝ ቀድሞ መበላቱ ግን በአብዛኞቹ በተረከዝ በሚያርፉ ሯጮች ላይ የሚታይ የተለመደ ነገር ስለሆነ፣ ብቻውን ስለ ጫማው ልክ የሚናገረው ነገር ጥቂት ነው። ከዚህ ይልቅ የውስጥ ሶሉን፣ ማለትም ከጫማው ወለል ላይ የሚወጣውን ስስ ንጣፍ፣ ነቅለው ብርሃን ላይ ያስቀምጡት።

በንጣፉ ላይ ላብና ክብደት የተውትን የእግርዎን አሻራ ያያሉ። አምስቱ ጣቶች የፈጠሩት ጉድጓድ የንጣፉ ጫፍ ላይ ከደረሰ ወይም ጠርዙን አልፎ ከታጠፈ፣ ጫማው አጭር ነበር። የትንሿ ጣት አሻራ ግማሹ ከንጣፉ ውጭ ከወደቀ፣ ወይም በዚያ በኩል ያለው ጠርዝ ከተጨፈለቀና ከተላጠ፣ ጫማው ጠባብ ነበር። የተረከዙ አሻራ በአንድ ቦታ ጠልቆ ከመታየት ይልቅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የተንሸራተተ ሰፊ ጥላ ከሆነ ደግሞ ተረከዝዎ ሲንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ እጅዎን ወደ ጫማው ውስጥ ሰድደው የተረከዙን ገበርና የፊተኛውን ጨርቅ ይዳስሱ። ተረከዝ ላይ የተቀደደ ገበር ማለት ተረከዙ እየተንሸራተተ ሲፈጋው ኖሯል ማለት ነው፤ በአውራ ጣት ወይም በትንሿ ጣት በኩል የተበሳ ጨርቅ ደግሞ ጫማው በቁመት ወይም በስፋት እንዳነሰ፣ አለዚያም ከጣቶቹ በላይ ያለው ቦታ ዝቅተኛ እንደነበረ ያመለክታል።

ይህን ከራስዎ እግር ጋር ያስተያዩ። የጠቆረ ጥፍር፣ በጣቶች መካከል የሚወጣ ውኃ የቋጠረ ቁስል፣ ከረጅም ሩጫ በኋላ የሚደነዝዙ ጣቶች፣ በእግር ጀርባ ላይ የሚቀር የክር ምልክት፣ እያንዳንዳቸው የተለየ የልክ ችግርን ያመለክታሉ፤ በሱቅ ውስጥ የትኛውን ነገር አጥብቀው መፈተሽ እንዳለብዎም አስቀድመው ይነግሩዎታል።

2. እግርን መለካት

ልኬቱ ከሰዓት በኋላ ወይም ወደ ማታ ቢሆን ይመረጣል፤ እግር ቀኑን ሙሉ ቆሞና ተራምዶ ሲውል ስለሚያብጥ፣ ጠዋት የተለካ እግር ለሩጫ የሚሆነውን ልክ አይሰጥም። ለሩጫ የሚያደርጉትን ካልሲ ያድርጉ። ከግድግዳ ሥር ጠንካራ ወለል ላይ ወረቀት ያንጥፉ፣ ተረከዝዎ ግድግዳውን ነክቶ እንዲቆም ያድርጉና ክብደትዎን በሚለካው እግር ላይ ያሳርፉ። ተቀምጠው የሚለኩ ከሆነ እግሩ ክብደት ስላልተሸከመ የሚያገኙት ቁጥር ያንሳል። ጎንበስ ሲሉ ክብደትዎ ስለሚዛነፍ ምልክቱን ሌላ ሰው ቢያደርግልዎ ጥሩ ነው። እርሳሱ ወደ እግሩ ሥር ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ መያዝ አለበት፤ በጥቂቱ ወደ ውስጥ ያዘነበለ እርሳስ የሚያስከትለው የጥቂት ሚሊ ሜትር ስሕተት ከአንድ የጫማ ቁጥር ግማሽ ጋር ሊስተካከል ይችላል።

ሦስት ነገሮችን ይመዝግቡ። የመጀመሪያው ከግድግዳው እስከ ረጅሙ ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት ነው። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም፤ በብዙ ሰዎች እግር ላይ ሁለተኛው ጣት ይበልጣል። ሁለተኛው በእግሩ ሰፊው ክፍል ላይ ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋት ነው። ሦስተኛው፣ እጅግ ጠቃሚ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ግርጌ ባለው ጉልህ መገጣጠሚያ ድረስ ያለው ርዝመት ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ብራኖክ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የሠራውና እስከ ዛሬ በብዙ የጫማ መደብሮች የሚገኘው የብረት መለኪያ እነዚህኑ ሦስት ልኬቶች ነው የሚወስደው።

ሦስተኛው ልኬት ለምን አስፈለገ ቢባል፣ እግር በሩጫ ጊዜ የሚታጠፈው በዚያ መገጣጠሚያ ላይ ስለሆነ ነው። ጠቅላላ ርዝመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች ቢኖሩ፣ የአንደኛው ጣቶች ረጃጅም፣ የሌላው ጣቶች አጫጭር ሊሆኑ ይችላሉ። አጫጭር ጣቶች ያሉት ሰው የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ወደ ፊት ራቅ ይላል፤ በጠቅላላው ርዝመት ብቻ የተመረጠ ጫማ ደግሞ ለእርሱ ከሚታጠፍበት ቦታ ኋላ ላይ ይታጠፍና የውስጥ እግሩን ይጫነዋል። እንዲህ ያለው ሰው ግማሽ ቁጥር ከፍ ያለ ጫማ ሲያደርግ የሚሰማው ምቾት ከዚህ የመጣ ነው።

ሁለቱንም እግሮች መለካት ግድ ነው። የሁለቱ እግር ፍጹም እኩል መሆን የተለመደ ስላልሆነ፣ ቁጥሩ የሚመረጠው በትልቁ እግር ነው፤ የትንሹ እግር ትርፍ ቦታ በክር አስተሳሰርና በካልሲ ሊስተካከል ይችላል፤ ለትልቁ እግር የጠበበ ጫማ ግን መፍትሔ የለውም። ልኬቱን በዓመት አንድ ጊዜ መድገም ይገባል። እግር ዕድሜ ሲጨምር የመርዘምና የመስፋት ጠባይ አለው፤ ከእርግዝና በኋላም የእግር ቁጥር ጨምሮ በዚያው ሊቀር ይችላል። በማደግ ላይ ላለ ልጅ ደግሞ ዓመት ረጅም ስለሆነ በየጥቂት ወሩ መለካት ያስፈልጋል።

3. ልኬቱን ወደ ጫማ ቁጥር መለወጥ

በጫማው ምላስ ጀርባ ባለው ጽሑፍ ላይ ብዙ ጊዜ አራት ዓይነት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የአውሮፓና የሴንቲ ሜትር። በአውሮፓው አቆጣጠር በአንድ ቁጥርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም ወደ 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ አቆጣጠር ልዩነቱ የአንድ ኢንች ሲሶ፣ ማለትም 8.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ግማሽ ቁጥር ወደ 4.2 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በአሜሪካ አቆጣጠር የሴቶች ቁጥር ከወንዶቹ አብዛኛውን ጊዜ በ1.5 ስለሚበልጥ፣ ሴት ሯጭ የወንድ ጫማ ስትሞክር ከቁጥሯ ላይ ይህን መቀነስ አለባት፤ ወንድ ሯጭ የሴት ጫማ ሲሞክር ደግሞ በተቃራኒው ይጨምራል።

ከአራቱ ለመነሻ የሚሻለው የሴንቲ ሜትሩ ነው፤ ምክንያቱም ከእግር ርዝመት ጋር በቀጥታ የሚገናኝ እርሱ ነው። የለኩትን ርዝመት ይውሰዱና በግማሽ ሴንቲ ሜትር ከሚበልጠው ቁጥር ይጀምሩ፤ ከዚያም ግማሽ ቁጥር ከፍና ዝቅ ያሉትን ጨምረው ይሞክሩ። መነሻ ማለቴ በምክንያት ነው። ጫማ የሚሠራው ፎርማ በሚባለው የእግር ቅርጽ ላይ ተወጥሮ ነው፤ እያንዳንዱ አምራች የራሱ ፎርማ አለው፤ አንዱ አምራችም ቢሆን ለልዩ ልዩ ሞዴሎቹ የተለያዩ ፎርማዎችን ይጠቀማል። ስለዚህ አንድ ሰው በአንደኛው ሞዴል 42፣ በሌላው 43 ቢሆን የሚገርም አይደለም። «የእኔ ቁጥር 42 ነው» ብሎ ሌላ አልሞክርም ማለት ራስን መጉዳት ነው። ብዙ ሯጮች የመሮጫ ጫማቸው ከሌላው ጫማቸው በግማሽ ወይም በአንድ ቁጥር ይበልጣል።

4. ስፋትና ውስጣዊ ይዞታ

ጫማ ጠበበ ሲባል ብዙ ሰው የሚወስደው እርምጃ አንድ ቁጥር ከፍ ማለት ነው። ይህ ከሁሉም ስሕተቶች የተለመደውና ብዙ መዘዝ ያለው ስለሆነ ትንሽ ቆም ብለን ልናየው ይገባል። ቁጥር ሲጨምር ስፋቱ የሚጨምረው በጥቂቱ ነው፤ ርዝመቱ ግን ከሚያስፈልገው በላይ ይሄዳል። ውጤቱም ጫማው የሚታጠፍበት ቦታና እግሩ የሚታጠፍበት ቦታ ይለያያሉ፣ ተረከዝ ይላላል፣ ተረከዙን ለመያዝ ክር ሲጠብቅ ደግሞ የእግር ጀርባ ይታመማል። ሯጩ አንዱን ችግር ሸሽቶ ሦስት ሌሎች ያተርፋል።

ትክክለኛው መፍትሔ በዚያው ቁጥር ሰፋ ያለውን መፈለግ ነው። ብዙ የመሮጫ ጫማ አምራቾች በአንድ ሞዴል ከአንድ በላይ ስፋት ያወጣሉ። በአሜሪካው የፊደል አሰያየም ለወንዶች መደበኛው ስፋት «ዲ» ሲሆን «2ኢ» ሰፊ፣ «4ኢ» በጣም ሰፊ ነው፤ ለሴቶች መደበኛው «ቢ» ሲሆን «ዲ» ሰፊ ይባላል። ሰፊው እትም ካልተገኘ ፎርማው በተፈጥሮው ከጣቶች በኩል ሰፋ ያለ ሌላ ሞዴል መሞከር ቁጥር ከመጨመር ይሻላል። ቀጭን እግር ያላት ሴትም ሆነች ሰፊ እግር ያላት ሴት በሳጥኑ ላይ «የወንድ» ወይም «የሴት» የሚለው ጽሑፍ ሊገድባት አይገባም፤ ሰፊ እግር ላላት ሴት መደበኛው የወንድ ጫማ ልክ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ከስፋት ሌላ ከፍታም አለ። የእግራቸው ጀርባ ከፍ ያለ ሰዎች ጫማው በርዝመትና በስፋት ልክ ሆኖ ሳለ ከላይ ይጫናቸዋል። ይህን ለማወቅ ጫማውን አስረው የክሩን ቀዳዳ ሁለት ረድፎች ይመልከቱ። ረድፎቹ በመካከላቸው መጠነኛ ክፍተት ኖሮ እኩል ለእኩል ከሄዱ የጫማው ይዞታ ተስማምቷል። ሁለቱ ረድፎች ሊነካኩ ከደረሱ ጫማው ለእግሩ በዝቷል፤ ከመጠን በላይ ከተራራቁ ደግሞ እግሩ ለጫማው በዝቷል።

5. በሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ

ወደ ሱቅ ሲሄዱ ጊዜ ይዘው፣ የሩጫ ካልሲዎን፣ አሮጌ ጫማዎንና የሕክምና የውስጥ ሶል የሚጠቀሙ ከሆነ እርሱንም ይዘው ይሂዱ። ሻጩ ቢቸኩልም እርስዎ አይቸኩሉ፤ ለብዙ ወራት የሚሮጡበትን ጫማ በአንድ ደቂቃ መወሰን ተገቢ አይደለም።

ጫማውን ከማድረግዎ በፊት እጅዎን ወደ ውስጥ ከትተው ስፌትና ጠንከር ያለ ቦታ ይፈልጉ። ከዚያ የውስጥ ሶሉ የሚወጣ ከሆነ አውጥተው ወለል ላይ ያኑሩና፣ ተረከዝዎን በተረከዙ ጉድጓድ አስተካክለው በሙሉ ክብደትዎ ይቁሙበት። እግርዎ ከንጣፉ ጎን ወጥቶ ከፈሰሰ፣ በተለይም የትንሿ ጣት ግርጌ፣ ያ ጫማ ለእርስዎ ጠባብ ነው፤ ማድረግም አያስፈልግም። ከረጅሙ ጣት ፊት ሊቀር የሚገባው ክፍተትም እዚሁ ላይ በዓይን ይታያል። ይህ ፍተሻ ጨርቁ ሳይሸፍነው እግርንና ጫማን ጎን ለጎን የሚያሳይ ስለሆነ፣ ከሌሎቹ ሁሉ አብልጬ የማምነው ነው።

ጫማውን ሲያደርጉ ክሩን ሙሉ በሙሉ አላልተው እግርዎን ያስገቡ፣ ተረከዝዎን ሁለት ሦስት ጊዜ መሬት ላይ መታ መታ በማድረግ ወደ ኋላ ያስጠጉት፣ ከዚያ ከታች ወደ ላይ እያጠበቁ ይሰሩ። ተቀምጦ ያሰሩትን ጫማ ልክ በመቆም እንጂ በመቀመጥ አይገምቱም። ቆመው ሳለ ሌላ ሰው በረጅሙ ጣት ፊት ያለውን ቦታ ይጫንልዎ፤ የእጅ አውራ ጣት ስፋት የሚያህል፣ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ቦታ ሊኖር ይገባል። ለረጅም ርቀትና ቁልቁለት ለሚበዛበት መንገድ ወደ ላይኛው ልክ፣ ለአጭር ርቀትና ለፍጥነት ልምምድ ወደ ታችኛው ማዘንበል ይቻላል።

ቀጥሎ ጣቶችዎን ያንቀሳቅሱ። ወደ ላይ ማንሣት፣ በመጠኑም መዘርጋት መቻል አለብዎት፤ አውራ ጣት ወደ ውስጥ የሚገፋ ከሆነ የጫማው ፊት ከእግርዎ ቅርጽ ጋር አልገጠመም። በሰፊው ክፍል ላይ ያለውን ጨርቅ በሁለት ጣት ቆንጠጥ ያድርጉ። ጨርቁ ጥቂት ብቻ ከተያዘልዎ ጥሩ ነው፤ ፈጽሞ የማይቆነጠጥና እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ከሆነ ጠባብ ነው፤ በሰፊው ከታጠፈ ሰፊ ነው። ከዚያ እግርዎን በጣቶችዎ ላይ አንሥተው ጫማው የሚታጠፍበትን መሥመር ይመልከቱ፤ መሥመሩ ከጣቶችዎ ግርጌ መገጣጠሚያ ጋር ከገጠመ መልካም ነው። ውስጣቸው ጠንካራ የካርቦን ዝርግ ያለባቸው የውድድር ጫማዎች ስለማይታጠፉ፣ በእነርሱ ላይ የሚፈተሸው የጫማው ሰፊ ክፍል ከእግሩ ሰፊ ክፍል ጋር መግጠሙ ነው።

ተረከዝ ላይ መጠነኛ እንቅስቃሴ ቢኖር አያስደነግጥም፤ ተረከዙ በእርምጃ ሁሉ ከጫማው የሚወጣ ከሆነ ግን መጀመሪያ በክር አስተሳሰር ለማስተካከል ይሞክሩ፣ ካልሆነ ጫማውን ይተዉት። የጫማው አፍ ዙሪያ ከቁርጭምጭሚትዎ አጥንት በታች ማለፍ አለበት፤ አጥንቱን የሚነካ ጠርዝ በሱቅ ውስጥ ጥቂት ቢያሳክክ በሩጫ ላይ ያቆስላል።

የመጨረሻው ፍተሻ መሮጥ ነው፤ ይህ በሌላ በምንም አይተካም። በሱቁ ውስጥ፣ ቢፈቀድ ደግሞ በደጅ፣ ለጥቂት ደቂቃ በተለመደ ፍጥነትዎ ይሩጡ። ምንጣፍ ማንኛውንም ሶል ለስላሳ ስለሚያስመስል ጠንካራ ወለል ይምረጡ። ደረጃ ወይም ዘቅዛቃ ቦታ ካለ ይውረዱበት፤ ሲወርዱ ጣቶችዎ የጫማውን ጫፍ ከነኩ ጫማው አጭር ነው፣ አለዚያም የእግርዎን ጀርባ የሚይዝበት ክፍል ላልቷል። ከዚያ ጫማውን እንዳደረጉ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆዩ። ጥብቀት የሚያስከትለው መደንዘዝ ወዲያው ስለማይመጣ ይህ መቆየት ዋጋ አለው። ሁለት ወይም ሦስት ሞዴል ቢሞክሩ፣ በአንደኛው እግር አንዱን፣ በሌላው ሌላውን አድርገው ማነጻጸር ልዩነቱን አጉልቶ ያሳያል፤ ሁለቱ እግሮች ስለሚለያዩ ግን ጫማዎቹን እያቀያየሩ ይድገሙት።

«ሲለበስ ይሰፋል» የሚል ሻጭ ቢያጋጥምዎ ምክሩን አይቀበሉ። ይህ ለቆዳ ጫማ የሚባል ነው። የመሮጫ ጫማ የሚሠራበት ሰው ሠራሽ ጨርቅ ቅርጹን እንዲጠብቅ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን የሚያሳምም ቦታ በሃያኛውም ቀን ያሳምማል። ትክክለኛ የመሮጫ ጫማ ገና ከሱቅ ሳይወጣ ይመቻል።

6. ክርን ለልክ መጠቀም

ልክ ሊሆን ጥቂት የቀረውን ጫማ ክር ይሞላዋል። በጫማው አናት ላይ፣ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ የሚገኘው ትርፍ ቀዳዳ ያለ ምክንያት አልተበሳም፤ ተረከዝን ለመቆለፍ ነው። የክሩን ጫፍ በዚያው ጎን ካለው ቀዳዳ ወደዚህኛው ትርፍ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ያስገቡና፣ በሁለቱ መካከል ትንሽ ቀለበት እንዲቀር ያድርጉ። በሌላው ጎንም እንዲሁ ያድርጉ። ከዚያ የግራውን ጫፍ በቀኙ ቀለበት፣ የቀኙን ጫፍ በግራው ቀለበት አሳልፈው ይሳቡና እንደተለመደው ይሰሩ። ተረከዝዎ ወደ ኋላ ተጠግቶ ሲያዝ ይሰማዎታል፤ የእግሩ ጀርባ ግን አይታነቅም።

የእግር ጀርባ የሚታመም ከሆነ ሕመሙ ባለበት ቦታ ላይ ክሩን አያሻግሩት፤ በየጎኑ ቀጥ ብሎ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ እንዲወጣ ያድርጉና ከዚያ በላይ እንደገና ያመሳቅሉት። ጣቶች በኩል ለጠበበ ጫማ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ቀዳዳዎች ባዶ መተው ጥቂት ቦታ ይፈጥራል። እነዚህ ማስተካከያዎች የሚያገለግሉት በመሠረቱ ልክ ለሆነ ጫማ ነው፤ አንድ ቁጥር ያነሰውን ጫማ ምንም ዓይነት አስተሳሰር አያድነውም።

7. ስለ እግር ዓይነትና ስለ ሶል የሚነገረው

ለብዙ ዓመታት ገዢዎች እግራቸውን አርጥበው ወረቀት ላይ በመርገጥ ቅስታቸውን እንዲያዩ፣ ከዚያም ለዝርግ እግር አንድ ዓይነት፣ ለከፍተኛ ቅስት ሌላ ዓይነት ጫማ እንዲመርጡ ሲመከሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 በአሜሪካ ምድር ጦር፣ አየር ኃይልና ማሪን ሠልጣኞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህን ልማድ ፈትሸውታል። ከፊሎቹ ሠልጣኞች በእግራቸው አሻራ መሠረት የተመደበላቸውን፣ ሌሎቹ ደግሞ የእግራቸው ዓይነት ሳይታይ አንድ ዓይነት ጫማ ተሰጣቸው፤ በጉዳት መጠን ረገድ በሁለቱ መካከል የረባ ልዩነት አልተገኘም። በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ቤኖ ኒግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ያቀረቡት ሐሳብም ሯጭ በራሱ ምቾት ስሜት ቢመርጥ ይሻላል የሚል ነው።

ከዚህ የምወስደው ተግባራዊ ምክር ይህ ነው፦ በመሮጫ ማሽን ላይ በቪዲዮ ተቀርጾ «እግርዎ ወደ ውስጥ ይዘነብላል» የተባለ ሰው፣ ጉዳት ሳይኖርበት ለዚህ ሲባል ብቻ የማይመቸውን ጠንካራ ጫማ ሊገዛ አይገባም። እግር ሲያርፍ ወደ ውስጥ በመጠኑ ማዘንበሉ ተፈጥሯዊ የግፊት ማርገቢያ ነው። ተደጋጋሚ ሕመም ያለበት ሰው ግን ጉዳዩን ለፊዚዮቴራፒስት ወይም ለሐኪም ያሳይ። የስኳር ሕመም ወይም ሌላ የእግር ስሜትን የሚያደበዝዝ ችግር ያለበት ሰው በተለይ በምቾት ስሜቱ ሊተማመን ስለማይችል፣ ልኩን በባለሙያ ማስወሰን ይኖርበታል።

ከሶሉ ጉዳዮች ልክን በቀጥታ የሚነካው በተረከዝና በፊተኛው ክፍል ከፍታ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ይህ ከ0 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ድረስ ይለያያል። ልዩነቱ ሲያንስ የባትና የተረከዝ ጅማት ሥራ ይበዛል፤ ሲጨምር ጫናው ወደ ጉልበት ያዘነብላል። አሁን የለመዱት 10 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳለ በአንድ ጊዜ ወደ 0 መውረድ ልክ የሆነውን ጫማ ሁሉ የማይስማማ ያስመስለዋል፤ ለውጡ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይሁን። ስለ ክብደት ደግሞ በእያንዳንዱ ጫማ ላይ የሚጨመር 100 ግራም ለሩጫ የሚያስፈልገውን ኦክስጅን በ1 በመቶ ገደማ እንደሚያሳድግ ይታወቃል፤ ለዕለት ልምምድ ይህን ያህል ለመቆጠብ ሲባል በልክ መደራደር አያስፈልግም።

8. ሳይሞክሩ የሚገዙ ከሆነ

በአካል መሞከር በማይቻልበት ጊዜ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ከማዘዝዎ በፊት መመለስና መቀየር የሚቻልበትን ደንብ ያንብቡ። የአምራቹን የሴንቲ ሜትር ሰንጠረዥ ከወረቀት ልኬትዎ ጋር ያስተያዩ፣ የሚቻል ከሆነም አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሁለት ቁጥሮችን አዝዘው አንዱን ይመልሱ። ጫማው ሲደርስ ፍተሻውን ሁሉ ንጹሕ ወለል ላይ፣ ቤት ውስጥ ያድርጉ፤ ደጅ የተሮጠበትን ጫማ ብዙ ሻጮች አይቀበሉም።

9. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና የሚተካበት ጊዜ

አዲሱን ጫማ በአጭር ሩጫ ይጀምሩ፤ ለውድድር ቀን አዲስ ጫማ አያውጡ። ከመጀመሪያዎቹ ሩጫዎች በኋላ ካልሲዎን አውልቀው እግርዎን ይመርምሩ። የቀላ ቦታ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከጠፋ አያሳስብም፤ በሚቀጥለው ሩጫ በዚያው ቦታ ከተመለሰ ግን መጀመሪያ ክሩን፣ ቀጥሎ ካልሲውን ይቀይሩ፤ ያም ካልሠራ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ጫማውን ይመልሱ። ብዙ የሚሮጡ ከሆነ ሁለት የተለያዩ ልክ የሆኑ ጫማዎችን ማፈራረቅ ይጠቅማል። በሉክሰምበርግ ሯጮች ላይ የተደረገ ጥናት ከአንድ በላይ ጫማ የሚያፈራርቁት በአንድ ጫማ ብቻ ከሚሮጡት ያነሰ ጉዳት እንደገጠማቸው አሳይቷል።

የተለመደ የልምምድ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስ ያገለግላል፤ ቀላል የውድድር ጫማ ከዚህ ያንሳል። ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ ግን ጫማው ራሱ የሚሰጠውን ምልክት ይከታተሉ፦ በሶሉ ጎን ላይ የሚታዩ የማይመለሱ ሽብሽቦች፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ሲቀመጥ ወደ አንድ ጎን መዝመም፣ ወይም ከዚህ በፊት ያልነበረ የእግር ድካም። ተመሳሳዩን ሞዴል ለመተካት ሲሄዱ በስሙ ብቻ አይዘዙ። አምራቾች በየጊዜው አዲስ እትም ሲያወጡ ፎርማውንና የላይኛውን ጨርቅ ሊለውጡ ስለሚችሉ፣ ስሙ አንድ ሆኖ ልኩ የተለየ ጫማ ሊያጋጥም ይችላል። አዲሱን እትም በውስጥ ሶሉ ላይ ቆመው፣ አስረውና ሮጠው እንደማያውቁት ጫማ ይፈትሹት፤ የቀድሞው እትም ለእግርዎ የተስማማ ከሆነና በመደብሩ ገና ካልተሸጠ ደግሞ ያንኑ መውሰድ ይመረጣል።